ሌዘር መቁረጫ ላይ ለምትሠሩ ጥንቃቄዎች

የሌዘር መቁረጫና መቅረጫ ማሽን በየማስታወቂያ ሥራ ቤቱ ገብቷል። ስለ አደጋው ግን ብዙም ስለማይወራ ዋና ዋናውን ሰብሰብ አድርገናል።

1. ፒቪሲ በፍጹም አትቁረጡ። ሲቃጠል ሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ያወጣል፤ ሳንባ ይጎዳል፣ ማሽኑንም ያዝጋል። ከተጠራጠራችሁ ደጅ ወጥታችሁ የጋለ የመዳብ ሽቦ ፕላስቲኩን አስነኩና ሽቦውን እሳት ላይ መልሱት። ነበልባሉ አረንጓዴ ከሆነ ተዉት።

2. ማሽኑ እየቆረጠ "መጣሁ" ብሎ መውጣት የለም። አክሪሊክና እንጨት በቅጽበት ይቀጣጠላሉ፤ እሳት ማጥፊያው አጠገባችሁ ይሁን።

3. የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ጨረር በዓይን አይታይም። ክዳኑን ከፍታችሁ አታሠሩ፤ የፀሐይ መነጽር አያድንም።

4. መብራት ሄዶ ሲመጣ የማቀዝቀዣው ውሃ መዞሩን ሳታዩ አትጀምሩ፤ ቱቦው ይሰነጠቃል።

ለሚሠሩ ወዳጆቻችሁ አጋሩልን።