ስምና ዝርያ፤ የአልዛስ ነጭ የወይን ጠጅ ታሪክ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የወይን ጠጅን ስም የሚያወጡት ግን ሰዎች ስለሆኑ ስሙ አንዳንድ ጊዜ እውነት፣ አንዳንድ ጊዜም ስሕተት ይሆናል። በፈረንሳይ አገር የታወቁት የወይን ጠጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠሩት ወይኑ በበቀለበት ቦታ ስም ነው፤ ቦርዶ፣ ቡርጎኝና ሻምፓኝ የቦታ ስሞች ናቸው። ከዚህ ልማድ ተለይቶ የወይን ጠጁን በተክሉ ዝርያ ስም በመጥራት የታወቀው በምሥራቅ ጠረፍ የሚገኘው አልዛስ ነው። ይህ ልዩነት ከምን እንደመጣ በአጭሩ ለመግለጽ እንሞክራለን። ዓመታቱ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አልዛስ በቮዥ ተራሮችና በራይን ወንዝ መካከል የተዘረጋ ጠባብ ምድር ነው። ከምዕራብ የሚመጣውን ዝናም ተራሮቹ ስለሚያግዱት በስተምሥራቅ ያለው ተዳፋት ደረቅና ፀሐያማ ነው። ወይኑም ቀስ እያለ ስለሚበስል መዓዛው ይጠበቃል። ከምርቱ ከአሥር እጅ ዘጠኝ ያህሉ ነጭ ነው። ኮምጠጥ ያለው ሪስሊንግ፣ እንደ ጽጌረዳ የሚያውደው ጌቩርትስትራሚነር፣ ሙስካና ፒኖ ግሪ «ክቡራን» ዝርያዎች ይባላሉ፤ ሲልቫነርና ፒኖ ብላን ግን ለዘወትር ማዕድ የሚቀርቡ ናቸው።

በ1871 ጀርመን አልዛስን ከፈረንሳይ ወሰደች። በዚያ ዘመን የአካባቢው የወይን ጠጅ በአብዛኛው ለመደባለቂያ ይፈለግ ስለነበር፣ ገበሬው ጥሩ ከሚያፈራው ይልቅ ብዙ የሚያፈራውን ዝርያ ይተክል ነበር። በዚህም ላይ ፊሎክሴራ የተባለው ሥር አጥቂ ተባይ ተጨመረ። በ1918 ምድሪቱ ወደ ፈረንሳይ ስትመለስ የጀርመን ገበያ ቀረ፤ የደቡብ ፈረንሳይን ርካሽ የወይን ጠጅ በብዛት መወዳደርም የማይቻል ሆነ። የቀረው መንገድ ጥራት ነበር። አስተዋይ ገበሬዎች ተራውን ተክል ነቅለው ክቡራኑን ተከሉ፤ ለገዢውም የዝርያውን ስም በጠርሙሱ ላይ ጻፉለት። ከሁለተኛው የጀርመን ወረራ በኋላ፣ በ1945 የወጣው ደንብ ይህን ልማድ አጸና። በ1962 አልዛስ በሕግ የተጠበቀ የትውልድ ስያሜ አገኘች፤ በ1972 ደግሞ የወይን ጠጁ በዚያው በአልዛስ እንዲታሸግ ታዘዘ።

ይሁን እንጂ ከስሞቹ አንዱ እውነት አልነበረም። ፒኖ ግሪ ለብዙ ዘመን «ቶካይ» ይባል ነበር። አፈ ታሪኩ እንደሚለው በ1565 በሀንጋሪ የቶካይን ምሽግ የያዘው የጦር አዛዥ ላዛሩስ ፎን ሽቬንዲ ተክሉን ወደ አልዛስ አመጣው። የነጻነት ሐውልትን የሠራው ባርቶልዲ በትውልድ ከተማው በኮልማር ባቆመው ሐውልት ላይ ሽቬንዲ የወይን ተክል ከፍ አድርጎ ይታያል። እውነቱ ግን ፒኖ ግሪ ከፒኖ ኗር በቀለም ለውጥ የተገኘ የቡርጎኝ ዘመድ ሲሆን፣ የሀንጋሪው ቶካይ ዋነኛ ዝርያ ፉርሚንት ነው። በ1993 በአውሮፓ ማኅበረሰብና በሀንጋሪ መካከል በተደረገው ስምምነት መሠረት «ቶካይ» የሚለው ስም በ2007 ከአልዛስ ጠርሙሶች ላይ ተፋቀ።

ደንበኞቻቸውን በዚያ ስም ያፈሩ አምራቾች ቅር መሰኘታቸው አያስደንቅም። ነገር ግን መተማመኛውን በዝርያ ስም ላይ የመሠረተ አገር የተሳሳተውን ስም ማረም ግዴታው ነበር። ሐውልቱ ዛሬም በስፍራው ቆሟል፤ ጠርሙሱ ግን እውነቱን ይናገራል።