ወንዶቹ ዝንቦች ለምን ሞቱ?

በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች ሲባል ከወላጆቻችን ሰምተናል። በቅሎ ከአህያና ከባዝራ እንደምትወለድ፣ እሷ ግን እንደማትወልድ ጎንደር ገጠር ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሁለት ዝርያዎች ሲዳቀሉ ልጁ ለምን እንዲህ ይሆናል? ሳይንስ ትልቁን ፍንጭ ያገኘው ከበቅሎ ሳይሆን፣ ሙዝ ሲበስል ከምትዞረው ትንሽዬ ዝንብ ነው። እኛ ባዮሎጂ የተማርነው በዕብራይስጥ ነው፤ እስቲ ዛሬ በቤት ቋንቋ እንሞክረው።

አልፍሬድ ስተርተቫንት አሜሪካ፣ አላባማ ያደገ፣ የአባቱን ፈረሶች የዘር ሐረግ እየጻፈ የሚይዝ ልጅ ነበር። ኒውዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ስለ ፈረስ ቀለም የጻፈውን ለፕሮፌሰር ቶማስ ሞርጋን ቢያሳየው፣ ሞርጋን ዝንብ በሚያረባበት ክፍል ጠረጴዛ ሰጠው። እ.ኤ.አ. በ1911 የኮሌጅ የቤት ሥራውን ትቶ በአንድ ሌሊት የመጀመሪያውን የጂኖች ካርታ ሠራ። ዕድሜው 19 ነበር፤ ከብዙዎቻችን ያንሳል እኮ!

በ1919 ይኸው ሰው አንድ ዓይነት ይመስሉ የነበሩት ዝንቦች ሁለት ዝርያዎች መሆናቸውን አስታወቀ፦ ሜላኖጋስተርና ሲሙላንስ። የሜላኖጋስተርን እናት ከሲሙላንስ አባት ጋር ሲያዳቅል ሴቶቹ ልጆች አደጉ፣ ግን መካን ሆኑ። ወንዶቹ ገና ትል ሳሉ ሞቱ።

ታዲያ እንዲህ ያለ ገዳይ ጂን ወላጆቹን ሳይገድል እንዴት ቆየ? ዛሬ ዩክሬን በሆነው አገር የተወለደው ቴዎዶሲየስ ዶብዣንስኪ በ1930ዎቹ፣ ሄርማን ሙለር ደግሞ ትንሽ ቆይቶ መልስ ሰጡ። (እንግሊዛዊው ዊልያም ቤትሰን በ1909 ይህንኑ ጽፎት ነበር፤ ልብ ያለው ግን አልነበረም።) አንድ ዝርያ ለሁለት ሲከፈል እያንዳንዱ ለብቻው ይለወጣል። አንዱ ጋ አንድ ጂን ይቀየራል፣ ሌላው ጋ ሌላ ጂን። ሁለቱም በየቤታቸው ጤነኛ ናቸው። ጣጣው የሚመጣው በአንድ ልጅ ውስጥ ሲገናኙ ነው።

«ዲቃላ» በእኛ ዘንድ ስድብ ስለሆነ እዚህ ላይ አንድ ነገር እንበል። ይሄ ሁሉ የሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ነገር ነው። ሰው፣ ጥቁርም ይሁን ነጭ፣ አንድ ዝርያ ነው። ዝንቧን እየጠቀሰ «እነ እገሌ ከእነ እገሌ አይጋቡ» የሚል ሰው ካጋጠመን፣ ዝንቧንም አላወቃትም።

ሐሳቡ በጂን ስም እስኪረጋገጥ ብዙ ዓመት ፈጀ። በ1979 ጃፓናዊው ዋታናቤ ከሲሙላንስ በኩል፣ በ1987 ሁተርና አሽበርነር ከሜላኖጋስተር በኩል፣ ወንዶቹን ከሞት የሚያድን የጂን ለውጥ አገኙ። ጂኖቹ ኤል ኤች አር እና ኤች ኤም አር ይባላሉ። በ2006 የዳንኤል ባርባሽ ቡድን ገዳዩ የሁለቱ መገናኘት እንደሆነ አሳየ፤ ከሁለቱ አንዱ ሥራ ካቆመ ወንዶቹ ይተርፋሉ።

ይተርፋሉ እንጂ፣ እንደ በቅሎዋ አይወልዱም። ሞታቸውን ያስቀረው ለውጥ መካንነታቸውን አላስቀረም።