«ዲሳይፕልሺፕ» በአማርኛ፦ የቅርብ ደቀ መዝሙርነት

«ዲሳይፕልሺፕ» የሚለው ቃል በከተማ አብያተ ክርስቲያናት፣ በተለይ በወንጌላውያን ወጣቶች ዘንድ፣ ከተለመደ ቆይቷል። «ዲሳይፕል የሚያደርግህ ማን ነው?» ይባባላሉ። «እኔ ዲሳይፕልሺፕ ጨርሻለሁ» የሚልም አይጠፋም፤ ደብተሩን ሞልቶ የምስክር ወረቀቱን ተቀብሏል ማለት ነው። ቃሉ ባዕድ ይሁን እንጂ አቻው በአማርኛ ከጥንት ጀምሮ አለ፦ ደቀ መዝሙርነት። የሚያስቸግረው ከፊቱ የሚገባው ቅጽል ነው። የቃሉ ባለቤቶች፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ፣ «ፐርሰናል» ይሉታል። «ግላዊ» ብንለው ሰው በጓዳው ብቻውን የሚያደርገው ነገር ይመስላል፤ ነገሩ ግን ያለ ሁለተኛ ሰው አይሆንም። «አንድ ለአንድ» የሚሉ አሉ፤ ይህ ደግሞ «አንድ ለአምስት» የተባለውን አደረጃጀት ለሚያስታውስ ጆሮ ስብሰባና ሪፖርት ይሸታል። እኔ «የቅርብ ደቀ መዝሙርነት» የሚለውን እመርጣለሁ፤ ዋናው ነገር መቅረቡ ነውና።

ፍቺው ይህ ነው፦ በእምነቱ የበሰለ አንድ ክርስቲያን አንድ ሰው፣ ቢበዛ ሁለት ሦስት ሰው፣ ወደ ራሱ አቅርቦ ክርስቶስን መከተልን በቃልም በኑሮም ያሳያል፤ ተማሪውም በተራው ሌላ ሰው ማስተማር እስኪችል ድረስ አብሮት ይቆያል። ደብተር ሊኖረው ይችላል። ደብተሩ ሲያልቅ ግን አያልቅም።

«ደቅ» በግእዝ ልጅ ማለት ነው፤ ደቀ መዝሙር «የመዝሙር ልጅ» እንደ ማለት ነው። የአዲስ ኪዳኑ የግሪክ ቃል «ማቴቴስ» በቀጥታ ተማሪ ማለት ሲሆን፣ በአራቱ ወንጌላትና በሐዋርያት ሥራ ከ250 ጊዜ በላይ ተጽፏል። «ክርስቲያን» የሚለው ስም በመላው አዲስ ኪዳን የሚገኘው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። በአንጾኪያ መጀመሪያ ክርስቲያን የተባሉትም ደቀ መዛሙርቱ ነበሩ። ስለዚህ ደቀ መዝሙርነትን ለጎበዝ አማኞች የተለየ ከፍተኛ ክፍል አድርጎ ማቅረብ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር አይሄድም። ደቀ መዝሙር ያልሆነ ክርስቲያን ጸሐፊዎቹ የሚያውቁት ዓይነት ሰው አይደለም።

ማርቆስ በምዕራፍ 3 ኢየሱስ አሥራ ሁለቱን የመረጠበትን ምክንያት ሲዘረዝር ከመላክና ከመስበክ በፊት ያስቀመጠው ከእርሱ ጋር መኖራቸውን ነው። ሕዝቡ ምሳሌውን ሰምቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ እነርሱ ቀርተው ትርጉሙን ይጠይቁ ነበር። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የሚገኘው ኢትዮጵያዊው ጃንደረባም ኢሳይያስን በእጁ ይዞ ነበር፤ ማንበብም ይችል ነበር። የጎደለው ሠረገላው ላይ ወጥቶ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ነው። ሰባኪው ፊልጶስ ይህን ለማድረግ ብዙ ሰው ይሰበክባት ከነበረችው ከሰማርያ ወደ በረሃ መንገድ መውረድ ነበረበት፤ ብዙ ሰባኪ የሚፈራው የጉባኤውን ብዛት ትቶ ለአንድ ሰው መውረድን ነው።

አሠራሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የአብነት ተማሪ ከየኔታ እግር ሥር ዓመታት ሲቆይ ዜማውን ወይም ቅኔውን ብቻ ሳይሆን የመምህሩን ጠባይም ይወርሳል። በገዳማት ዘንድ ማን በማን እጅ እንደ መነኮሰ የሚቆጠር የትውልድ ሐረግ አለ። አባ ኢየሱስ ሞዐ በደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ ተማሩ፤ በ13ኛው መቶ ዘመን በሐይቅ እስጢፋኖስ እሳቸው በተራቸው ብዙዎችን አስተማሩ፤ ከተማሪዎቻቸው አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው፤ ደብረ ሊባኖስ የእሳቸው ፍሬ ነው። በኦርቶዶክሳውያን ቤት ደግሞ የንስሐ አባት አለ። ልዩነቱን መሸፈን አያስፈልግም፦ የንስሐ አባት ካህን ነው፣ ምሥጢር ይፈጽማል። የቅርብ ደቀ መዝሙርነት ግን ክህነት አይጠይቅም፤ ጸሎት የምታውቅ አንዲት አያት ልታደርገው ትችላለች።

ስያሜውን በዘመናችን ያስፋፉት በዋናነት የአሜሪካ ወንጌላውያን ናቸው። ከመካከላቸው ዳውሰን ትሮትማን እ.ኤ.አ. በ1933 በካሊፎርኒያ ሌስ ስፔንሰር የተባለ አንድ መርከበኛ ቤቱ እየጠራ መጽሐፍ ቅዱስ ያስጠናው ጀመር። ለውጡን ያየ የመርከብ ጓደኛው እንዲያስተምረው ስፔንሰርን ጠየቀው። ስፔንሰር ሰውየውን ይዞ ወደ ትሮትማን መጣ። ትሮትማን ግን አላስተምርም አለ፤ እኔ ያስተማርኩህን አንተ ለእርሱ ማስተማር ካልቻልክ ሥራዬ ከሽፏል ብሎ መለሰው። ናቪጌተርስ የተባለው ድርጅት የተነሣው ከዚህ ነው። የሁለቱ መርከበኞች መርከብ «ዌስት ቨርጂኒያ» በ1941 ፐርል ሃርበር ላይ ሰጠመች፤ ትምህርቱ ግን ያኔ ወደ ሌሎች መርከቦች ተሻግሮ ነበር። ለእኔ የቃሉ ፍቺ ከማንኛውም መዝገበ ቃላት ይልቅ በዚያ እምቢታ ውስጥ ይገኛል።

እኛም ዘንድ በደርግ ዘመን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሲታሸጉ አማኞች በየቤቱ በጥቂት በጥቂት ሆነው ይማማሩ ነበር። አሁን አዳራሹ ሰፍቷል፣ ድምፅ ማጉያው በርትቷል፤ እሑድ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ስም የማያውቅ ግን ብዙ ነው። ስደትን የሚመኝ የለም፤ ቅርበቱ ከስደቱ ጋር መሄዱ ግን ኪሳራ ነው።

አደጋም አለው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በፍሎሪዳ ፎርት ሎደርዴል አምስት መምህራን የመሩት «የእረኝነት እንቅስቃሴ» እያንዳንዱ አማኝ በአንድ «እረኛ» ሥር እንዲሆን ያስተምር ነበር። ውሎ አድሮ ሰዎች ሥራ ለመቀየርና ለማግባት ሳይቀር የእረኛቸውን ፈቃድ ወደ መጠየቅ ደረሱ። ከአምስቱ ዴሪክ ፕሪንስ በ1980ዎቹ ራሱን አገለለ፤ ቦብ መምፎርድም በኋላ በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀ። ስለዚህ መምህርህ ምክር ሲሰጥህ ስማ፤ ፈቃድ ልጠየቅ ሲል ግን ተነሣ። ደቀ መዝሙርነቱ የክርስቶስ እንጂ የመምህሩ አይደለም።

ሥራው ራሱ ተራ ነው። በሳምንት አንድ ቀን መገናኘት፣ አንድ ክፍል አብሮ ማንበብ፣ ስላለፈው ሳምንት መጠየቅ፦ ከወንድምህ ጋር ታረቅህ ወይ? ያን ብድር ከፈልክ ወይ? ከዚያ ጸሎት። የታመመ ለመጠየቅ ወይም ለቅሶ ለመድረስ አብሮ መሄድ ከብዙ ትምህርት ይበልጣል፤ ተማሪው እምነት ሐዘንተኛ ፊት ምን እንደሚመስል እዚያ ያያል። ወንድ ለወንድ፣ ሴት ለሴት ቢሆን ይመረጣል። መምህሩ ያልገባውን «አላውቅም፣ እንጠይቅ» ማለትም ይልመድ።

አሥርና ሃያ ዓመት በእምነት የቆያችሁ፣ አዲስ አማኝ ቀድሞ መጥቶ አይጠይቃችሁም፤ አይደፍርም። እናንተ ጥሩት። ምን እናጥና ካላችሁ ከማርቆስ ወንጌል ጀምሩ፤ 16 ምዕራፍ ነው፣ በሳምንት አንድ ምዕራፍ ብታነቡ አራት ወር ሳይሞላ ያልቃል።