የወረቀት ፊኛ ታሪክ፤ ከእጅ ሥራ ወደ ሳይንሳዊ ምርመራ

በሞቀ አየር የሚነሣ የወረቀት ፊኛ መሥራት በልዩ ልዩ አገሮች ትምህርት ቤቶች የሚዘወተር የእጅ ሥራ ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ፊኛው ተነሥቶ ልጆቹ ካጨበጨቡ በኋላ ትምህርቱ እዚያው ያበቃል። መምህሩም «የሞቀ አየር ቀላል ስለሆነ ነው» በማለት ነገሩን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይዘጋዋል። ይሁን እንጂ ይህች ዐረፍተ ነገር በቀላሉ የተገኘች አይደለችም። ይህ ጽሑፍ የተገኘችበትን መንገድ በመቃኘት ለመምህሩና ለሥርዓተ ትምህርት አዘጋጁ የሚሰጠውን ትምህርት ለማመልከት ይሞክራል። ዘመናቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

በእሳት ሙቀት የሚነሣ የወረቀት ፋኖስ በቻይና ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ሲሆን፣ በአፈ ታሪክ ፈጠራው ከ181 እስከ 234 ለኖረው የጦር መሪ ለዡጌ ልያንግ ይሰጣል። በአውሮፓም በብራዚል የተወለደው ካህን ባርቶሎሜዉ ደ ጉዝማዎ በ1709 በሊዝበን በንጉሥ ዦዋው 5ኛ ፊት አንዲት ትንሽ የወረቀት ፊኛ አስነሥቶ አሳይቷል። ነገሩ ግን ከትርዒትነት አላለፈም።

ታላቁ እርምጃ የመጣው ከወረቀት ሠሪዎች ቤት ነው። በፈረንሳይ አገር በአኖኔ ከተማ ይኖሩ የነበሩት ወንድማማቾች ዦዜፍና ኤቲየን ሞንጎልፊዬ በውስጡ ወረቀት የተለጠፈበትን የጨርቅ ፊኛ ሰኔ 4 ቀን 1783 በሕዝብ ፊት አስነሡ። መስከረም 19 ቀን በቬርሳይ አንድ በግ፣ አንድ ዳክዬና አንድ አውራ ዶሮ በሌላ ፊኛ ተጭነው በደኅና ወረዱ። ኅዳር 21 ቀንም ፒላትር ደ ሮዚዬና ማርኪ ዳርላንድ በፓሪስ ሰማይ ላይ ለ25 ደቂቃ ያህል ተጓዙ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ወንድማማቾቹ ፊኛቸው ለምን እንደሚነሣ በትክክል አያውቁም ነበር። የማንሣት ኃይል ያለው ከጭሱ የሚገኝ ልዩ ጋዝ ነው ብለው ስላመኑ፣ እርጥብ ገለባና የበግ ጠጉር እያነደዱ ጭሱን ለማወፈር ይደክሙ ነበር። ሥራቸው የተሳካ ቢሆንም ማብራሪያቸው የተሳሳተ ነበር። ስሕተቱን የገለጠው የጄኔቫው ሊቅ ሶሱር ነው። በ1784 ጭስ የሌለው የጋለ ብረት ወደ ትንሽ ፊኛ አፍ በማስገባት፣ የሚያነሣው ጭሱ ሳይሆን በሙቀት የሰፋው አየር መሆኑን አሳየ።

ከዚህ የተነሣ መምህሩ የሶሱርን ጥያቄ ለልጆቹ ቢያቀርብ የእጅ ሥራው ወደ ምርመራ ይለወጣል። አንዱን ፊኛ መጀመሪያ እርጥብ ገለባ በሚጨስበት እሳት፣ ቀጥሎም ጭሱ በጠፋለት የከሰል ፍም ማሞቅ ይቻላል። ልጆቹ የትኛው የተሻለ እንደሚያነሣ አስቀድመው ይጻፉ፤ ከዚያም ውጤቱን ከግምታቸው ጋር ያስተያዩ።

በደጋ አካባቢ የሚያስተምር መምህር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ማወቅ ይገባዋል። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው በአዲስ አበባ የአየሩ ክብደት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የውጭው አየር 20፣ የውስጡ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን፣ 1 ሜትር ኩብ የሞቀ አየር በባሕር ጠረፍ 145 ግራም ያህል ያነሣል፤ በአዲስ አበባ ግን 110 ግራም ገደማ ብቻ ነው። በሜትር ካሬ 20 ግራም ከሚመዝን ስስ ወረቀት የተሠራ፣ ይህንኑ 1 ሜትር ኩብ የሚይዝ ድቡልቡል ፊኛ ወረቀቱ ብቻ 97 ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ ሙጫው ሲታከልበት መነሣቱ ያጠራጥራል። የፊኛው ወርድ በእጥፍ ሲያድግ ግን ወረቀቱ 4 እጥፍ፣ የሚይዘው አየር 8 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ለደጋ ትምህርት ቤት ተለቅ ያለ ፊኛና ብርዳም ማለዳ ይመረጣሉ። ከባሕር ጠረፍ አገር የተቀዳ መመሪያ ሳይሰላ ሥራ ላይ ቢውል፣ ጥፋቱ የልጆቹ እጅ ተደርጎ ይቆጠራል።

የእሳት አደጋም ሊዘነጋ አይገባም። በመጀመሪያው የሰው በረራ እንኳ የእሳቱ ፍንጣሪ ጨርቁን እየበሳ ተጓዦቹ በረጠበ ስፖንጅ ያጠፉት ነበር። ብራዚል በ1998 እሳት ሊያስነሡ የሚችሉ ፊኛዎችን መሥራትና መልቀቅ በሕግ ከልክላለች። በጀርመን አገር በክሬፌልድ ከተማ በ2020 የዘመን መለወጫ ሌሊት የተለቀቁ የወረቀት ፋኖሶች የእንስሳት ማቆያውን የዝንጀሮዎች ቤት አቃጥለው ከ30 በላይ እንስሳት ሞተዋል። ስለሆነም እሳት ከፊኛው ጋር ፈጽሞ መታሰር የለበትም። ፊኛው በሜዳ ላይ፣ ከሣር ክዳንና ከእህል ክምር ርቆ፣ መምህሩ ራሱ በሚጠብቀው ምድጃ ላይ በቆመ የቆርቆሮ ቱቦ ሞቆ፣ በክር ተይዞ ይነሣ።

የሞንጎልፊዬ ወንድማማቾች ታሪክ የሚያስተምረን የሥራ መሳካት ብቻውን የዕውቀት ማረጋገጫ አለመሆኑን ነው። ፊኛው የተነሣለት ልጅ ተደስቷል፤ ፊኛው ለምን እንደተነሣ፣ ወይም ለምን እንዳልተነሣ፣ በራሱ ሙከራ ያረጋገጠ ልጅ ግን ተምሯል።