ፓርፕ፦ የዲኤንኤ ጥገናና የጡት ካንሰር ሕክምና ታሪክ



ዛሬ የማቀርበው ፓርፕ የተባለውን የዲኤንኤ ጥገና ኢንዛይም ከጡት ካንሰር ጋር ያገናኘውን ታሪክ ነው። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ታሪኩ ለረጅም ጊዜ ሳይገናኙ የተጓዙ ሁለት መነሻዎች አሉት።

አንደኛው መነሻ የሕሙማን ቤተሰብ ነው። በ1866 ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ የጡት ካንሰር በባለቤታቸው ቤተሰብ ውስጥ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲደጋገም መዝግበው አሳተሙ። በ1990 አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ ክሌር ኪንግና ባልደረቦቻቸው በዘር የሚተላለፈውን የጡት ካንሰር የሚያስከትል ዘረመል በ17ኛው ክሮሞዞም ላይ እንደሚገኝ አመለከቱ። በ1994 ቢአርሲኤ 1፣ በ1995 ደግሞ ቢአርሲኤ 2 ተለይተው ታወቁ። ሁለቱም የዲኤንኤ ጥንድ ክሮች አብረው ሲበጠሱ ሕዋሱ ጉዳቱን በትክክል እንዲጠግን የሚያስችሉ መሆናቸው ከዚያ በኋላ ተረጋገጠ።

ሁለተኛው መነሻ ካንሰርን ያላሰበ ምርምር ነው። በ1963 በስትራስቡርግ ፒየር ሻምቦንና ባልደረቦቻቸው የዶሮ ጉበት ሕዋሳትን ኒውክሊየስ ሲመረምሩ ቀድሞ ያልታወቀ የኢንዛይም ሥራ አገኙ፤ ዛሬ ፓርፕ የምንለው ይኸው ነው። በ1980 በእንግሊዝ የሲድኒ ሻል ቡድን ይህ ሥራ ከዲኤንኤ ጥገና ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳየ።

ሁለቱ ታሪኮች የተገናኙት በ2005 ነው። በሼፊልድና በለንደን የሚሠሩ ሁለት ቡድኖች በአንድ የኔቸር መጽሔት ዕትም ላይ ተመሳሳይ ግኝት አወጡ፦ ቢአርሲኤ የጎደላቸው ሕዋሳት ፓርፕ ሲታገድባቸው ይሞታሉ። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ፓርፕ ሲታገድ የአንድ ክር ጉዳት ሳይጠገን ይቀራል፤ ሕዋሱ ዲኤንኤውን ሲቀዳም ወደ ጥንድ ክር መበጠስ ይሸጋገራል። ጤነኛ ሕዋስ በቢአርሲኤ አማካይነት ይጠግነዋል። የካንሰሩ ሕዋስ ግን ይህን መንገድ ቀድሞ አጥቷል። ዘረመሉን የወረሰች ሴት በጤነኛ ሕዋሳቷ ውስጥ አንድ ደኅና ቅጂ ስላላት እነርሱ በአብዛኛው ይተርፋሉ። ካንሰሩን የፈጠረው ጉድለት ራሱ የካንሰሩ ድክመት ሆነ ማለት ነው።

ኦላፓሪብ የተባለው መድኃኒት በአሜሪካ በ2014 ለእንቁልፍ ዕጢ ካንሰር፣ በ2018 ደግሞ ለጡት ካንሰር ተፈቀደ። ይሁንና ድሉን አናጋንን። በተሠራጨ የጡት ካንሰር ላይ በተደረገው ዋና ጥናት በሽታው ሳይባባስ የቆየበት መካከለኛ ጊዜ ከ4.2 ወር ወደ 7 ወር ነው ከፍ ያለው። አንዳንድ ዕጢዎችም የቢአርሲኤን ሥራ መልሰው በማግኘት መድኃኒቱን ይቋቋማሉ።

ከሁሉም በላይ፣ መድኃኒቱ ለማን እንደሚገባ የሚታወቀው በዘረመል ምርመራ ነው። በተፈጥሮ የሚገኝ ዲኤንኤ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ሊሰጥበት እንደማይችል የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2013 ሲወስን የተከራከረው በእነዚሁ ዘረመሎች ላይ ነበር። ምርመራው በማይደረስበት ስፍራ ግን የ1963ቱም የ1990ውም ዕውቀት ለታማሚዋ አይደርሳትም። ስለዚህ የዚህ ሳይንስ ቀጣይ ምዕራፍ ምርመራውን ለሁሉም ማዳረስ ነው።