ሾፌር፣ ረዳት፣ መካኒክ፦ የመኪና እንክብካቤ እውቀት አጭር ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ ከአንድ ቀላል ጥያቄ ይነሣል። የመኪናን ጤንነት መጠበቅ ያለበት ማን ነው? ባለቤቱ በደጁ ወይስ ባለሙያው በጋራዡ? ጥያቄው የገንዘብ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ታሪክ አለው።

«ሾፌር» የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ መነሻ ትርጉሙም የእንፋሎት ሞተር እሳት የሚያነድ ሰው ማለት ነው። ስለዚህ ሾፌርነት ከጥንቱ መሪ መያዝ ብቻ አልነበረም። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሊ መኪና እየነዳ አዲስ አበባ ሲገባ የባቡር ሐዲዱ ገና ከድሬዳዋ አላለፈም ነበር፤ በመንገድ ላይ ጋራዥ የሚባል ነገርም አልነበረም። ነጂው ራሱ ካልጠገነ ጠጋኝ አልነበረውም።

በ1928 ዓ.ም. የገባው የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር እስከ 1933 ዓ.ም. ሲቆይ አውራ ጎዳናዎችና የጭነት መኪናዎች በረከቱ። የጋራዡም ቋንቋ ጣሊያንኛ ሆነ። ጎማ፣ ካንዴላ፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ፣ ጎሚስታ፤ ወራሪው ተባሮ ወጣ፣ ቃላቱ ግን ቀሩ። ከዚያ በኋላ እውቀቱ ወደ ሕዝቡ የወረደው ከትምህርት ቤት ይልቅ በረዳትነት ነበር። ከአዲስ አበባ እስከ አሰብ በሚመላለስ ከባድ መኪና ላይ ረዳት የሆነ ወጣት ጭነት ያስራል፣ ክሪክ ያነሣል፣ ጎማ ይፈታል፤ ሌሊት መኪናው ሥር እየተኛ ድምፁን ያጠናል። መሪ እስኪጨብጥ ድረስ ዓመታት ያልፋሉ። በዚህ ሥርዓት ነጂና ጠጋኝ ገና አልተለያዩም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እሻለሁ። በየማለዳው የሚታዩት ነገሮች ስማቸው አማርኛ ነው፤ ውሃ፣ ዘይት፣ ንፋስ። ባለሙያ የሚፈታቸው ክፍሎች ስም ግን በአብዛኛው የውጭ ነው። ሕጉ ፍጹም አይደለም፤ ንፋሱ የሚሞላው ጎማ ራሱ ጣሊያናዊ ነው። ቢሆንም ቋንቋችን በደጅና በጋራዥ መካከል ወሰን አስምሮ የሰጠን ይመስለኛል።

ይህን ወሰን እኔ ራሴ በዋጋ ነው የተማርኩት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ደብረ ማርቆስ ስጓዝ፣ ከአባይ በረሃ ወደ ደጀን በሚወስደው ዳገት ላይ ሞተሬ ጋለ። ራዲያተሩን ልከፍት እጄን ስሰድ፣ ከኋላዬ የቆመ የጭነት መኪና ረዳት «ጋሼ፣ ይቃጠላሉ! ይብረድ!» ብሎ ጮኸ። ቀጥሎም በትሕትና «ውሃውን መቼ ነው ያዩት?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ሞተሩ ተፈትቶ እስኪገጠም የሁለት ወር ደመወዜን በላ። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነበር የነፈግሁት።

ከዚህ ተነሥቼ ሁሉም ሰው መካኒክ ይሁን አልልም። ፍሬኑን በደጁ የሚፈታ ሰው በራሱ ሕይወት ብቻ ሳይሆን መንገድ በሚያቋርጥ ሕፃን ሕይወትም ይፈርዳል። የምለው፣ ባለሙያን መቅጠር ከማወቅ ነጻ አያወጣም ነው። የዘይት መለኪያውን ማንበብ የማይችል ባለቤት የተሠራለትንና ያልተሠራለትን አይለይም።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ወሰኑ እንደገና እየተሰመረ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና የሞተር ዘይት አይለወጥለትም፤ የባትሪውም ከፍተኛ ኃይል ላልሠለጠነ እጅ አይደለም። ጎማው ግን አሁንም ንፋስ ይሻል። ያ ረዳት የጠየቀኝን ጥያቄ ነገ ለአዲሱ መኪና በምን ቃል እንደምንጠይቅ ማሰብ የዚህ ትውልድ ሥራ ነው።