ቀለም ከመቀባቱ በፊት፦ የወለጋ ከተሞች ጭቃ ቤት ታሪክ



የዛሬው ትምህርታችን ስለ ቤት ነው። በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በመንዲ ወይም በደምቢ ዶሎ አሮጌ ቤቶችን ብትመለከቱ የብዙዎቹ ግድግዳ ከላይ ቀለም፣ ከሥሩ ጭቃ፣ ከውስጥ እንጨት ነው። ታዲያ ቀለሙ ቶሎ ቶሎ የሚላጠው ለምንድን ነው? መልሱ በቤቱ ታሪክ ውስጥ ይገኛል።

ቀድሞ በአገሩ የተለመደው ቤት ክብ ነበር፤ ክዳኑም ሣር። ሣሩ ከግድግዳው አልፎ ዝቅ ስለሚል ጭቃውን ከዝናብ ይጋርደዋል። በ1874 ዓ.ም. ከእምባቦ ጦርነት በኋላ ወለጋ ከሸዋ ጋር ተሳሰረ። ነቀምቴም የሞሮዳ በከሬ፣ ኋላም የልጃቸው የኩምሣ ሞሮዳ መቀመጫ ሆና በንግድ ሰፋች። እየቆየም ቆርቆሮና ሚስማር በየከተማው ገቡ፤ ባለ አራት ማዕዘን ቤት ተለመደ። ቆርቆሮ እንደ ሣር በየጊዜው አይለወጥም፣ እሳትም ቶሎ አይበላውም። ነገር ግን ዋጋው ውድ ነውና ብዙ ጊዜ የጣሪያው ጠርዝ አጠረ። በነቀምቴ በዓመት 2,000 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ ይዘንባል። ያ ሁሉ ውሃ ግድግዳውን እየመታ፣ ከመሬትም እየተረጨ ጭቃውን ያጥባል።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ኪራያቸው አነስተኛ የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ኪራዩ ቀነሰ፤ ለተከራይ እፎይታ ነበር። ጥገናው ግን መሃል ላይ ቀረ። ተከራዩ «የቀበሌ ነው» ሲል፣ ቀበሌው ገንዘብ ሲያጥረው፣ ለበዓል ቀለም ብቻ ይቀባል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ ቀለሙ እያማረ ቤቱ ከውስጥ አለቀ።

ሌላም አለ። ሲሚንቶና የዘይት ቀለም ሲመጡ ሰው ጠንካራ ናቸው ብሎ በጭቃ ላይ ለጠፋቸው። ጭቃ ግን እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ያወጣል። መውጫው ሲዘጋበት እርጥበቱ እንጨቱ ላይ ይቀራል። እንጨቱ ይበሰብሳል፤ ልስኑም ከጭቃው ይለቃል። ምስጥም ተሸሽጎ ይበላል። የምዕራብ ወለጋን ምስጥ የማያውቅ ማን አለ? የመንዲና የነጆ ገበሬ ሰብሉንም ጎጆውንም አስበልቷል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሥራውን በበጋ፣ ግድግዳው ሲደርቅ እንጀምር።

አንደኛ፣ ውሃውን እናስቁም። የሚያፈስ ቆርቆሮ ይጠገን፣ አሸንዳ ይጠረግ፣ በቤቱ ዙሪያ ቦይ ይቆፈር።

ሁለተኛ፣ ቋሚውንና ማገሩን በቢላዋ ጫፍ እንውጋ። ቢላዋው ዘው ካለ እንጨቱ ተበልቷል፤ ይለወጥ። ጥድና ወይራ ከባሕር ዛፍ ይልቅ ምስጥን ይችላሉ። በግድግዳው ላይ የወጣ የምስጥ መንገድ ቢፈርስ ብቻ አይበቃም፤ ከየት እንደሚመጣ ይፈለግ።

ሦስተኛ፣ የለቀቀውን ቀለምና ምርጊት እናንሣ። የቆየ የዘይት ቀለም እርሳስ የሚባል መርዝ ሊኖርበት ይችላል። በአገራችን በቀለም ውስጥ ያለውን እርሳስ የሚገድበው ደንብ የወጣው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2018 ነው። ስለዚህ በደረቁ አይፋቅ፤ ውሃ እየረጫችሁ ፋቁት። ልጆች ይራቁ፤ ፍቅፋቂው በላስቲክ ተጠቅልሎ ይወገድ።

አራተኛ፣ ስንጥቁን አስፍታችሁ አርጥቡት። ከዚያ በጭድ ተረግጦ በተብላላ ጭቃ ምረጉት። ጭቃን የሚይዘው ጭቃ ነው። በአንድ ጊዜ አታወፍሩት፤ የመጀመሪያው ሲደርቅ ሁለተኛው ይደረብ።

አምስተኛ፣ ለጭቃ ግድግዳ ኖራ ይሻላል፤ እርጥበት ያስተነፍሳልና። ኖራ ውሃ ሲነካው ይፈላል፣ ዓይንም ያጠፋል። ሲበርድ በስሱ ደጋግማችሁ ቀቡት።

አድማጮቻችን! በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ኦሮምኛም ከመማሪያ ቋንቋዎቹ አንዱ ነበር። ያኔ ፊደል የቆጠረ እጅ ዛሬ የቀለም ጣሳ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ይችላል፤ ያንብብ። «ለሲሚንቶ» የሚለውን ለጭቃ አይግዛ። ለቀለም ያሰባችሁትን ገንዘብ አስቀድማችሁ ለጣሪያው፣ ለቦዩና ለእንጨቱ አውሉት። የተረፈው ለቀለም ይበቃል፤ ባይበቃም ቤቱ ይቆማል።

ደህና ሁኑ።